ያልሰማ አልነበረም

«ዓለም ያን ጊዜ ሥቃያችንን አላወቀልንም ነበር» የሚለውን ቃል በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ሳንሰማ የቀረንበት ጊዜ የለም። ቃሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ኀዘኑንም ያለዝባል፤ እውነት ግን አይደለም። ዓለም በዚያው ሰሞን ዐውቆ ነበር። በዚህ እትም ልንጽፍ ያሰብነውም ዐውቆ ዝም ስለ ማለት ነው፤ ይህ ዓይነቱ ዝምታ ከፋሺስቶች ጋር አብሮ ስላልተቀበረ፣ ይልቁንም እየለመደና ደንብ እያበጀ እስከ እኛ ዘመን ስለ ደረሰ ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።)

ነገሩን ከምንቆምበት መሬት እንጀምር። ዛሬ የምንማርበት የስድስት ኪሎ ግቢ ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ የኢጣልያው እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ልጅ ስለ ተወለደለት በዚህ ግቢ ለነዳያን ምጽዋት ያስከፋፍል ነበር። ሦስት ሺህ ያህል ድኻ ተሰብስቦ ሳለ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ወታደሮቹም መጀመሪያ መትረየሳቸውን ያዞሩት ምጽዋት ሊቀበሉ በመጡት ዕውሮች፣ አሮጊቶችና ሽማግሎች ላይ ነው። ወደ ክፍል ስንገባና ስንወጣ የምንረግጠው ያንን ሜዳ ነው።

ከዚያ የከተማው የፋሺስት ፓርቲ ኃላፊ ጉዊዶ ኮርቴሴ ለጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የሦስት ቀን ልቅ ፈቃድ ሰጣቸው። ጎጆ ሁሉ ከነሰዉ በቤንዚን ተቃጠለ፤ ሰው በጥይት፣ በጩቤ፣ በዱላና በአካፋ ሳይቀር ተገደለ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም እሳት ተለኮሰበት። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል። ኢያን ካምቤል የተባለው ተመራማሪ በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ 19,000 ገደማ ያደርሰዋል፤ በእርሱ ቁጥር እንኳ ብንሄድ ከከተማው ኢትዮጵያዊ ነዋሪ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ማለት ነው። በቁጥሩ መከራከር የሚወድ ይከራከር፤ እኛ ግን ክርክሩ ራሱ ብዙ ጊዜ የዝምታ ወንድም ሆኖ አይተነዋል።

ለእኛ ለተማሪዎች አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ከሦስቱ ቀን በኋላ ግድያው መልክ ለወጠ፤ የተማረውን መልቀም ሆነ። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የዋለ፣ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር የተሰለፈ ወጣት ሁሉ ይፈለግ ነበር። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ እንግሊዝ አገር ተምረው ለአገራቸው ሊሠሩ የተመለሱ ነበሩ፤ ከተረሸኑት መካከል ናቸው። ቀጥሎም ጠንቋይና አዝማሪ፣ ባሕታዊና ወሬ አውሪ የተባለ ሁሉ እንዲገደል ታዘዘ። በግንቦት ወር ደግሞ ተራው የደብረ ሊባኖስ ሆነ። መነኮሳቱና ለተክለ ሃይማኖት በዓል የመጡት ምእመናን በካሚዮን ተጭነው ላጋ ወልዴ በተባለ ገደል አፋፍ ተረሸኑ። የግራዚያኒ ቴሌግራም ስለ መቶዎች ይናገራል፤ በኋላ በቦታው የተደረገው ጥናት ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሳቸዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ማን ዐወቀ?

ከዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ብዙዎቻችን የምንኖረው በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነው። ጠዋት በኮተቤ ወደ መገናኛ፣ ከዚያም በሾላ ወደ ቀበና የሚያመጣን ታክሲ ከየካ ተራራ ግርጌ በዛፍ የተሸፈነውን የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ታክኮ ያልፋል። ግቢው ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የእንግሊዞች ነው። በ1929 ዓ.ም. በዚያ የነበረው ተጠባባቂ ቆንስል ጄኔራል ዊልያም ቦንድ ከተማው ሲቃጠል አይቶ ለአገሩ መንግሥት ጻፈ። የአሜሪካው ልዑክ ኮርኔሊየስ ኤንገርትም ያየውን በቴሌግራም ወደ ዋሽንግተን አስተላለፈ። እነዚህ ሰዎች ያዩትን አልሸሸጉም፤ በዚህ ልናመሰግናቸው ይገባል። ዝምታው የተጀመረው ቴሌግራሙ ከደረሰ በኋላ ነው። በእንግሊዝ ፓርላማ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ የቆንስሉ ዘገባ ግን ለሕዝብ አልወጣም፤ መዝገብ ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

ለምን ቢባል ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ከየካቲት 12 ሁለት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም.፣ እንግሊዝና ኢጣልያ ስለ ሜዲቴራኒያን ባሕር ተስማምተው ተፈራርመው ነበር። ስምምነቱን የጠሩት «የጨዋ ሰዎች ስምምነት» ብለው ነው። (ስሙን ያወጣነው እኛ አይደለንም!) ሙሶሊኒን ከሂትለር ለይተን እናቆየዋለን ብለው ሲደክሙ ስለ አዲስ አበባ ሬሳ ማንሣት ጨዋታ ማበላሸት ሆነባቸው። በኅዳር 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ የኢጣልያን ግዛት በሕግ አወቀችው። ሳያውቁት ከቀሩት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፤ ታክሲ የምንለዋወጥበት የሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። አንድ አደባባይ ለአንድ እውነተኛ ቃል የተከፈለ ዋጋ ነውና ብዙ አይባልም።

ታላላቆቹ ጋዜጦች ሲያመነቱ ደጋግሞ የጻፈው አንድ ትንሽ ጋዜጣ ነበር። ሲልቪያ ፓንክኸርስት «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ የጀመረችው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጠላት አዲስ አበባ በገባበት በዚያው ዕለት ነው። ጭፍጨፋውን፣ የመርዝ ጋዙን፣ የእስረኞቹን ነገር ሳትታክት ታትም ነበር። በኋላ ወደ አገራችን መጥታ በ1953 ዓ.ም. እዚሁ ዐረፈች፤ መቃብሯ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። በስቴንስል ተባዝቶ የሚወጣ ጋዜጣ ምን ያደርጋል ብለው ለሚስቁብን ጓደኞቻችን ይህን እናስታውሳቸዋለን።

ከድል በኋላ ያለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ዝምታው ሕግ የሚመስል ልብስ ለበሰ። የጦር ወንጀለኞችን የሚመረምረው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን በ1936 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሲቋቋም ኢትዮጵያ በአባልነት አልተጠራችም። ሥራው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ይመለከታል ተባለ፤ የኢትዮጵያ ደም ጦርነቱ ሳይጀመር የፈሰሰ ስለ ሆነ ከቀኑ ውጭ ወደቀ! መንግሥታችን ግን ነገሩን አልተወም። ማስረጃ ሰብስቦ የ10 ጣሊያኖችን ስም አቀረበ፤ ከእነርሱ መካከል ግራዚያኒና ባዶልዮ ነበሩ። ኮሚሽኑ በ1940 ዓ.ም. ሊዘጋ ሲል ክሱን ተቀበለ፤ ነገር ግን ለኢትዮጵያ ተላልፎ የተሰጠ አንድም ሰው የለም። ባዶልዮ በ1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ሲወድቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ወዳጅ ሆኗልና ማን ይነካዋል? ግራዚያኒን የራሱ አገር ወታደራዊ ፍርድ ቤት በ1942 ዓ.ም. የ19 ዓመት እሥራት ፈረደበት፤ ይህም ከናዚ ጀርመን ጋር ስለ ተባበረ እንጂ ስለ አዲስ አበባና ስለ ደብረ ሊባኖስ አልነበረም። ከጥቂት ወር በኋላም ተፈታ። በ2004 ዓ.ም. በአፊሌ ከተማ የመታሰቢያ ሕንፃ ተሠርቶለታል። የመርዝ ጋዙን ነገር የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ይህ ተረት የሚሠራው ግን ተወጊው ቁስሉን ለልጁ ካሳየ ብቻ ነው። ከወደቁት ሺዎች መካከል በስም የምንጠራቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አብርሃንና ሞገስን እናውቃለን፤ መኪና ይዞ የረዳቸውንና በሥቃይ የሞተውን ስምዖን አደፍርስን የሚያውቅ ግን ከክፍላችን ስንቱ ነው? ምጽዋት ሊቀበሉ መጥተው የቀሩት ድኾችማ «ነዳያን» ከሚለው አንድ ቃል በቀር ስም የላቸውም።

አገራችን ግን በዚህ ነገር ላይ ከሌላው ዓለም ቀድማ የቆመችበት ጊዜ ነበር። ከቱርክ የአርመኖች እልቂት የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆችን ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም አስመጥተው አዲስ አበባ ላይ የሙዚቃ ባንድ አደረጓቸው፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነርሱ ናቸው። ራፋኤል ሌምኪን የተባለው የፖላንድ ይሁዲ የሕግ ሰው ለዚህ ዓይነቱ ወንጀል ስም ያወጣለት ከዚያ ሀያ ዓመት በኋላ ነው። የዘር ማጥፋትን ወንጀል የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በኅዳር 1941 ዓ.ም. ሲወጣ ከመንግሥታት ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ቀኑም ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ደግሞ በስምምነቱ ውስጥ የሌለውን በፖለቲካ አቋማቸው የተለዩ ወገኖችን ማጥፋት ጭምር በቁጥር 281 አስገባ። የደርግ ባለሥልጣኖችና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ የተባሉት በዚህ ሕግ ነው፤ መንግሥቱ ዚምባብዌ ተጠልሎ በሌለበት። በቀይ ሽብር ከወደቁት ብዙዎቹ እኛ በተቀመጥንበት ወንበር የተቀመጡ ተማሪዎች ነበሩ።

ወረቀቱን መጀመሪያ የፈረመ እጅ ሁልጊዜ መጀመሪያ ይነሣል ማለት አይደለም። ሩዋንዳን እንይ። በ1986 ዓ.ም. እልቂቱ ሲጀመር 2,500 ያህል የተባበሩት መንግሥታት ወታደር በዚያ ነበረ። የጸጥታው ምክር ቤት በሚያዝያ ወር ቁጥሩን ወደ 270 ቀነሰው። በዋሽንግተን ቃል አቀባዮች «የዘር ማጥፋት» የምትለውን ቃል ላለመናገር አንደበታቸውን ሲያጥፉና ሲዘረጉ፣ በመቶ ቀን 800,000 ያህል ሰው ዐለቀ። የእኛም ሻለቃ ጦር በሰላም አስከባሪነት የዘመተው በክረምቱ፣ ዕርዱ ካበቃ በኋላ ነው። ያ ቃል እንዲያ የተፈራው ስም ከተሰጠው ግዴታ ስለሚከተል ነው፤ ስም ካልተሰጠው ግን ጉዳዩ «ግጭት» ተብሎ ያልፋል።

ወደ ራሳችን ዘመን ስንመጣ ብዕራችን ይከብዳል፤ አንባቢም ልቡን ሰፋ አድርጎ እንዲያነብልን እንለምናለን። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ማይካድራ ላይ ቢያንስ 600 ሰው መገደሉን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። በዚያው ኅዳር ወር አክሱም ላይ ከመቶ በላይ ሲቪል መገደሉን ይኸው ኮሚሽን ጽፏል፤ አምነስቲ ደግሞ በመቶዎች ይቈጥራል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. 14 የከረዩ ሰዎች ከቤታቸው ተወስደው ተገድለዋል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ምዕራብ ወለጋ፣ ቶሌ ላይ በመቶ የሚቈጠሩ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሎች ዐለቁ። በጥር 2016 ዓ.ም. መራዊ ላይ ቢያንስ 45 ሲቪል በመንግሥት ኃይሎች መገደሉን ኮሚሽኑ አረጋግጧል። ዝርዝሩ በዚህ አያበቃም፤ ወረቀታችን ያበቃል እንጂ። የትኛው በሕግ ቋንቋ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ዳኞች ይወስኑ፤ ሙታኑን ለመቁጠር ግን የዳኛ ፈቃድ አያስፈልግም።

ታዲያ ዓለም ምን አደረገ? የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚያጣራ የባለሙያዎች ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። መንግሥታችን ከመጀመሪያው ተቃወመው። ኮሚሽኑም ለወደፊት እልቂት የሚያሰጉ ምልክቶች አሉ ብሎ አስጠንቅቆ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ተዘጋ። ይዘጋ ብሎ እጁን ያወጣ መንግሥት ግን የለም! ይቀጥል የሚል የውሳኔ ሐሳብ ያቀረበ ስላልተገኘ ብቻ ቀኑ አለፈ። በ1929 ዓ.ም. ቢያንስ የተጻፈ ቴሌግራም ነበር፤ አሁን ዝምታ ያለ ድምፅ አሰጣጥ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ ማለፍን ተምሯል። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጸድቋል፤ የወረቀቱን መልካምነት አንክድም፤ ዋጋው የሚታየው ግን ምስክር ሳይፈራ ቆሞ ሲናገር ነው።

ስለ ዓለም ይህን ያህል ካልን ስለ ግቢያችንም እንበል። በተማሪው መካከል አንድ ልማድ ሥር እየሰደደ ነው፤ ይኸውም ሙታንን በወገን መከፋፈል ነው። ስለ ማይካድራ የሚያለቅስ ስለ አክሱም ሲነገር «ማስረጃው የታለ?» ይላል፤ ስለ አክሱም የሚያለቅስ ስለ ቶሌ ሲነገር ስልኩን ያያል፤ ስለ ከረዩዎቹማ የሰማም የለ። ሁሉም የእንግሊዝን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሆኗል፤ የማይመቸውን ቴሌግራም ወደ መዝገብ ቤት ይልካል። ዓለም ስለ እኛ ዝም አለ ብሎ የሚቆጣ ተማሪ አጠገቡ በተኛው ጓደኛው ሬሳ ላይ ዝም ካለ፣ ቁጣው ለማን ይሆን?

ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ሩቅ ሳንሄድ በየካ አባዶ አለ። የጋራ መኖሪያ ቤቱ በዕጣ የተሰጠ ነው፤ ዕጣ ደግሞ የጎረቤት ዘር አይመርጥም። በአንዱ ደረጃ ከወለጋ፣ በአንዱ ከትግራይ፣ በአንዱ ከጎጃም የመርዶ ቃል የመጣበት ሰው አለ። ሞት ሲመጣ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ይደረድራል፣ ብረት ድስት ያወጣል፤ ሟቹ በማን ጥይት ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የዕድር ደንብ የለም። ነገር ግን ይህም ሥርዓት የተፈተነበት ጊዜ ነበር። ትግራይ ስልክ በተቋረጠበት ወራት መርዶ ከዓመት በኋላ የደረሳቸው ቤቶች ነበሩ፤ ሰው ይጠረጥረናል ብለው ድንኳን ሳያስተክሉ በዝግ በር አለቀሱ። በዚያን ጊዜ ነገሩን ሰምተው ማንም ሳይጠራቸው እንጀራቸውን በመሶብ ይዘው ደረጃውን የወጡ እናቶች ነበሩ። ከጎዣም ይሁኑ ከወለጋ ያን ዕለት የጠየቃቸው የለም። «እግዜር ያጽናሽ እኅቴ» ብለው ተቀመጡ። ከተማሪው ማኅበር የሚጠበቀው ከእነዚህ እናቶች ያነሰ ሊሆን አይገባም እንላለን።

ስለዚህ ማኅበራችን ባለፈው ስብሰባው አንድ ደብተር እንዲከፈት ወስኗል። በደብተሩ አምስት ዓምድ አለ፤ የሟች ስም፣ ዕድሜ፣ የሞተበት ቦታ፣ ቀን፣ እና ስሙን የሰጠው ሰው ለሟቹ ምኑ እንደ ሆነ። ከ1929 ዓ.ም. የካቲት ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለ እልቂት ሁሉ ይጻፍበታል፤ አያቱ በእሳት የጠፋበትም፣ ወንድሙ ትናንት የተገደለበትም እኩል ነው። የብሔር ዓምድ ይጨመር ያሉ አባላት ነበሩ፤ ረጅም ክርክር ተደርጎበት በድምፅ ብልጫ ቀርቷል። የተናጋሪውን ስም መስጠት ግዴታ አይደለም፤ ሥጋት ያለበት ሰው ለሟቹ «ወዳጅ» ብሎ ቢያስጽፍ ይበቃል።

ደብተሩ ከየካቲት 1 ቀን ጀምሮ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀትር በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ወደ ስድስት ኪሎ መምጣት ለማይችሉ ሽማግሎችና እናቶች ሁለት አባሎቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በየካ አባዶ የዕድሩ ቤት ተቀምጠው ይጽፋሉ። ጽሕፈቱ የሚያምር ተማሪ ለዚህ ሥራ ስሙን ለጸሐፊው እንዲሰጥ እንጠይቃለን።